በትሩን ያልተሻገረው

«ጋሽ ማስረሻ ጉልበታቸው ዳነ እንዴ?» አለች ነርሷ እንቁ፣ የእጣቢ ውኃ በራፏ ላይ እየደፋች። «ከጥምቀት ወዲህ ለመርፌ ብቅ ብለው አያውቁም። እኔማ ሌላ ወጊ አግኝተዋል ብዬ ኩርፊያ ይዣለሁ።»

ሰብለወንጌል ሳቅ ብላ አለፈች። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የደራ ሚኒባስ ሳይወጣ መድረስ አለባት፤ ከእንቁ ጋር ወሬ የጀመረ ሰው ደግሞ በዋዛ አይላቀቅም። ነገሩ ግን ትንሽ ከነከናት። ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ለአጎቷ ለጋሽ ማስረሻ አንድ ፓኬት የሕመም ማስታገሻ መርፌ ያመጣችላቸው በጾሙ መግቢያ ላይ ነው፤ ያለ ሐኪም ወረቀት፣ በዘመድ ወግ። ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ስታስር ደግሞ «ያ መድኃኒት አልቋል፤ ስትመለሺ ብታመጪልኝ» ብለዋታል። እንቁ ካልወጋቻቸው ማን ወጋቸው? ጤና ጣቢያ ሄደው ይሆናላ ብላ ተወችው። በዚያ ቤት ብዙ ነገር የሚታለፈው እንዲሁ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት ጋሽ ማስረሻ ወሬ አያበዙም፤ እሷም ጠይቃ አታስጨንቃቸውም። ይህን ዝምታ ሁለቱም መከባበር ይሉታል።

ቤታቸው ከአዳማ ዳር ያለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ በኋላው የፈረስ ጋጥ ተደግፎታል። ባጃጅ መሀል ከተማውን ከወረሰው ወዲህ ጋሪ ወደ ዳር ተገፍቶ ብሎኬት፣ አሸዋ፣ የውኃ ጀሪካንና የተከራይ ዕቃ ነው የሚጭነው። እሱም ቢሆን ለጋሽ ማስረሻ እንጀራቸው ነበር። ረቡዕ ማለዳ ግን ሰሞኑን ሲያነክስ የከረመው ዳማ የሚሉት ፈረሳቸው ጋጡ ውስጥ ተዘርግቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተዋል። ዶሮ ሲጮኽ ይነሱና ጋጡ ድረስ ሄደው ባዶውን የመኖ ገንዳ አይተው ይመለሳሉ። ጋሪው ግቢው መሀል አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። የሌላ ፈረስ ዋጋ ደግሞ ዘንድሮ አይቀመስም።

ያረጀ የጋሪ ፈረስ በዚህ ከተማ ወግ ያለው ሞት አይሞትም። ገና በነፍሱ እያለ አስፋልት ዳር ይለቀቅና መኪና ወይም ጅብ ይጨርሰዋል፤ ባለቤቱም በዚያ መንገድ ለጥቂት ቀን አያልፍም። ጋሽ ማስረሻ ለዚህ አንጀታቸው አልቻለም። ረቡዕ ዕለት ዐይናቸው ደም መስሎ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ለአሞራዎችሽ ውሰጂው» አሏት። ሰብለ ጆሮዋን ማመን አቃታት። በጎ ፈቃደኛ ሆና የዱር አራዊት ወደሚጠበቅበት ጥብቅ ስፍራ መመላለስ ከጀመረች አንስቶ «የሰው ልጅ ጦሙን እያደረ የእኔ ልጅ ለአሞራ ትደግሳለች» እያሉ ለጎረቤት ሲያሾፉባት የኖሩ ሰው ናቸው። በጾሙ ምክንያት ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተው ለአሞራዎቹ አጥንት የምትለምንበት ደጅ እንዳጣችም ያውቃሉ። ስለዚህ ቃሉ ለሷ ስጦታ ነበር። አይሱዙ ተለምኖ፣ ዳማ ተጭኖ፣ በዚያው ቀን ሄደ።

አዋሽን ተሻግሮ፣ ደራ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ግራር የለበሰ ኮረብታ አለ። የአካባቢው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ ከልሎታል፤ አጋዘኑን፣ ከርከሮውን፣ አሞራውን በተራ ይጠብቃል፤ በምላሹ በበጋ ሣር ያጭዳል፣ ከብቱንም ከማኅበሩ ቦኖ ያጠጣል። ከከተማ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ችግኝ ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ብዙዎቹ ከሁለት ቅዳሜ በኋላ አይታዩም። ሰብለ ግን ቀርታ አታውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት «እህት፣ ቶሎ በይ» ከሚላት ሰው በቀር ጠሪ የላትም። እዚህ ኮረብታ ላይ ግን ስትመጣ ሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሳላታል። ይህን ነገር ለማንም ባትናገረውም ከሳምንት ሳምንት የሚያደርሳት እሱ ነው።

ዱጋሳ እንደ ልማዱ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጠበቃት። ከጥብቁ ጠባቂዎች አንዱ ነው፤ ጥቂት ከብት አለው፣ ትንሽ ማሳ አለው፣ ሚስቱ ጉዲቱ ነፍሰ ጡር ናት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማንም ሳያዘው ኮረብታው ድረስ ያደርሳታል፤ ሲመሽም ይመልሳታል። ዛሬ «አካም ቡልቴ» የሚለውን የኦሮምኛ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

«ሰብሌ፣ አሞራዎቹ እየወደቁ ነው» አላት።

የከብት ሬሳ የሚጣልበት ቦታ ጠፍጣፋ አለት ነው፤ የሠፈሩ ሰው በቀልድ «ሆቴሉ» ይለዋል። ከዳማ የቀረው የጎድን አጥንቱና ሰኮናው ብቻ ነበር። በዙሪያው፣ ከግራሮቹ ሥር፣ ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ የወደቁ አሞራዎች ተበትነዋል። ገሚሱ ትናንት የሞተ ነው፣ ይሸታል። ያልሞቱት ቅርንጫፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፍ ያሸነፈው አዛውንት ነው የሚመስሉት። ሰው ሲጠጋቸው አይበሩም። አንዱ እሷ እያየችው ከቅርንጫፉ ተንሸራቶ ዱብ አለ፤ እግሩን ሁለት ጊዜ አንፈራገጠና ዝም አለ። እነዚህን አሞራዎች ማንም አይወዳቸውም፣ መልካቸውም አይወደድም፤ ሰብለ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በዐይኗ ለይታ አውቃቸዋለች፤ ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት አጥንት እየለመነች ያኖረቻቸው ናቸው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ሰንበታ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ዛሬ ግን ከንፈራቸው ደርቋል። በሚቀጥለው ሳምንት ጥብቁን የሚያዩ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተብሎ ዳስ ሁሉ ተጥሏል። «ሰብለ፣ ልጄ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ፈረሱን ስታመጪ ያንን ጥያቄ ጠይቀሻል አይደል?»

ያ ጥያቄ የሷ ሥራ ነው። ሥልጠና የሰጧቸው ባለሙያ እንዳስረዱት፣ የሕመም ማስታገሻ የተወጋ ከብት ሲሞት መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ሰውንም ጅብንም የማይነካው ያ መድኃኒት አሞራን ኩላሊቱን አድርቆ ይገድለዋል። ስለዚህ ሬሳ የሚሰጥ ሰው ሁሉ «መድኃኒት ተወግቶ ነበር ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። መድኃኒት በስሙ የምታውቅ እሷ ናት ተብሎ ኃላፊነቱ ለሷ ተሰጠ። ባለበሬውን ጠይቃለች፣ ባለአህያውን ጠይቃለች፣ አንዱን ባለሀብት እንኳ ጠይቃ አስቆጥታለች። አጎቷን ግን አልጠየቀችም። ፈረሳቸው አጠገብ ቆመው የሚያለቅሱ ሰው፣ በዕድሜያቸው አንዴ የእጃቸውን ሊሰጧት ሲሉ፣ እንደ ባዕድ ሰው «ምን ወግተውት ነበር?» ተብለው ይጠየቃሉ?

«ጠይቄ ነው ያመጣሁት» አለች።

ቃሉ አፏን ከለቀቀ በኋላ ነው የሰማችው። ያን ያህል ከባድ ውሸትም አልመሰላት። አሳፋሪ ነገር እንዳይመጣ ፊትን በእጅ እንደ መሸፈን ያለ ነበር፤ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ ብላ አሰበች። ኦቦ ሰንበታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንግዲያው መርዝ ነው» አሉ። «ፈረሱ ንጹሕ ከሆነ ሰው ያደረገው ነው።»

ሰብለ ሌላ ነገር ያየችው ያኔ ነው። የኦቦ ሰንበታ ውሻ ከአለቱ ሥር ተጋድሞ የዳማን ቅልጥም ይግጣል። ከረቡዕ ጀምሮ ከዚያ ሬሳ ላይ ጠፍቶ አያውቅም አሏት፤ ሆዱ ሞልቷል፣ ጅራቱን ይቆላል፣ ምንም አልሆነም። የጅብ ሬሳም የትም አልተገኘም። መርዝ ቢሆን ከአሞራው በፊት ውሻውና ጅቡ ይዘረጉ ነበር። አሞራ ብቻ መርጦ የሚገድል ነገር አንድ ነው፤ እሱንም በመስኮት በየቀኑ ትሸጠዋለች። የእንቁ ቃል፣ ያለቀው ፓኬት፣ የሚያነክሰው ዳማ፣ ሁሉም ባንዴ ተገጣጠመና ክው አለች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሴቶቹ ለአሞራዎቹ አዝና መስሏቸው ውኃ አመጡላት።

ነገሩ በቀጥታ ወደ ዱጋሳ ሄደ። ከወር በፊት ጅብ ጥጃውን በልቶበት በንዴት ገበያ መሀል «እኔም የማደርገውን አውቃለሁ» ብሎ ነበር። ይህን ያልሰማ የለም። ፈረሱን ከመኪናው አውርዶ የጎተተውም፣ ረቡዕ ሌሊት ተረኛ ጠባቂ የነበረውም እሱ ነው። ማንም በግልጽ ስሙን አልጠራም፤ ግን ሰው አጠገቡ መቆም አቆመ። ኦቦ ሰንበታ ትልቁ ግራር ሥር ሰውን ሰበሰቡና በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። የማኅበሩ አባል የሆነ ሁሉ በየተራ እየተነሳ «ይህን አድርጌ እንደሆነ ዘሬ አይብቀል፣ ከብቴ አይርባ» እያለ በትሩን ይሻገራል። ከማኅበሩ መቋቋም ጀምሮ የጠፋ ነገር ሁሉ የሚጣራው በዚህ ነው። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ተሻገረ፤ አንዲት አሮጊት ተደግፈው ተሻገሩ።

የዱጋሳ ተራ ደረሰ። ተነስቶ በትሩ ድረስ መጣና ቆመ።

«ኦቦ ሰንበታ፣ እኔ አላደረግኩም» አለ። «ግን ጌታን ካገኘሁ ወዲህ አልምልም። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ይህ ቀልድ አይደለም ዱጋሳ። ሁሉም ሃይማኖት አለው፤ ሁሉም ምሏል።»

«አልሳደብም፣ አልሰርቅም፣ አልምልም። አላደረግኩም ስል ይበቃ ነበር።»

«ጥጃህን ጅብ ሲበላ ገበያ ላይ ያልከውስ?»

«እሱን ተናድጄ ነው ያልኩት። ለጸሎት ቤቱም ተናዝዣለሁ» አለ ዱጋሳ፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰበት። ከኋላ አንዱ «ኑዛዜማ ካለ አለቀ» ሲል ተሰማ። ዱጋሳ በትሩን ዝቅ ብሎ አየው። አንድ እርምጃ ነው፣ ሕፃን ልጅ የሚራመደው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ዞሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰብለ ተነሳች። ምን ልትል እንደሆነ ራሷም በውል አታውቅም፤ ተራዋ መስሏት ይሁን እውነቱን ልታፈነዳው፣ ብቻ ቆማለች። ኦቦ ሰንበታ አዩዋትና እጃቸውን በፍቅር ወደ ታች አወረዱ። «አንቺ ቁጭ በዪ ልጄ» አሉ። «አንቺ እንግዳችን ነሽ። አንቺን ማን ያስምልሻል?» ሰው ሁሉ ወደሷ ዞሮ በአክብሮት አያት። ቀስ ብላ ተቀመጠች። በዕድሜዋ እንዲህ የከበደ መቀመጥ ተቀምጣ አታውቅም።

ፍርዱ አልረዘመም። ዱጋሳ ከማኅበሩ ወጣ፤ ጥበቃው ቀረ፣ ሣር አያጭድም፣ ከብቱም ከቦኖው አያጠጣም። በዚህ ደረቅ ወር ይህ ማለት ከብቶቹን ዛሬውኑ በወደቀ ዋጋ መሸጥ ማለት ነው። ዱጋሳ አልተሟገተም። አሞራዎቹን ለመቅበር ጉድጓድ ሲቆፈር እንኳ አካፋ ይዞ ሊያግዝ መጣ፤ አንዱ ጎረምሳ አካፋውን ከእጁ ተቀበለው፤ አልመታውም፣ አልሰደበውም፣ ብቻ ተቀበለው። ሰብለ ይህን አየችና እንዳላየች ሆነች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስፋልቱ ድረስ የሸኛት ያው ዱጋሳ ነው። ከንግዲህ ሥራው አይደለም፤ ግን ሌላ የሚሸኛት አልነበረም፣ እሱም እንደ ወትሮው ቦርሳዋን ተቀብሎ ከፊት ከፊት ሄደ። ደረቁ ሣር ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል።

«ጉዲቱ ምን ትለኝ ይሆን» አለ ዱጋሳ። «ብትምል ምን ነበረበት ትለኛለች። እሷ በሃይማኖቷ ከነሱ ወገን ናት፣ ትምላለች።» ወደሷ ዞር አለና፣ «አንቺስ ሰብሌ፣ እኔ ያደረግኩት ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«አንቺ መድኃኒት የተማርሽ ነሽ። ለኦቦ ሰንበታ አንድ ቃል ብትነግሪልኝ፣ አንቺን ይሰማሉ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች። ስትለው ከልቧ ነበር። ቤቴ ገብቼ አጎቴን ልጠይቅ፣ ላረጋግጥ፣ ከዚያ እደውላለሁ ብላ ቆርጣለች። ሚኒባሱ ሲመጣ ዱጋሳ ረዳቱን በስሙ ጠርቶ «እህቴን ጥሩ ቦታ አስቀምጣት» አለው። መኪናው ከአሰላ ሰው ሞልቶ የመጣ ነበርና ቆማ ነው የሄደችው። ተሳፋሪው ስለ ሽንኩርት መወደድ ያወራል፤ ሽንኩርቱ በሚበቅልበት አገር መሀል እየሄዱ ሽንኩርት ተወደደ ይላሉ። እሷ ግን የምትናገረውን በልቧ ትደረድር ነበር፤ ባስተካከለችው ቁጥር «ጠይቄ ነው ያመጣሁት» ያለችው ቃል ከፊት እየመጣ ይቆምባታል።

ጋሽ ማስረሻ ሬዲዮ ከፍተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሳቸው ክፍል ግድግዳዋ ላይ ጋዜጣ የተለጠፈባት፣ አንድ አልጋና አንድ ሣጥን የሚሞላት ናት፤ የፈረስ ላብ ሽታ እስካሁን አልለቀቃትም። ሰብለ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ያ መርፌ ለማን ነው ያለቀው?»

ሬዲዮውን ቀነሱት። መልስ ለመስጠት የቸገራቸው አይመስሉም፤ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የቆዩ ነው የሚመስሉት። «ለሱ ነው» አሉ። «ከፊት እግሩ ያነክስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስወጋው ደህና ይውልልኛል። የኔን ጉልበት እኔ እችለዋለሁ አልኩ፤ እሱ ካልቆመ ሁለታችንም አንበላም።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። «የመጨረሻ ሰሞን ድርብ አድርጌ ነው የወጋሁት። እኔ ነኝ መሰለኝ የገደልኩት። ምነው? ምን ሆነ?»

ነገረቻቸው። አሞራዎቹን ሲሰሙ ሊያሾፉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የዱጋሳን ሲሰሙ ተዉት። «እንግዲህ መናገር ነዋ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ወለሉን እያዩ። «ንገሪያቸው። ያለ ወረቀት የሰጠሽኝ አንቺ እንደሆንሽም ይጠይቁሻል። መድኃኒት ቤቱም ይሰማል። እኔ አሁን ጋሪ የለኝ፤ የምንበላው ባንቺ ደሞዝ ነው። ቢሆንም ንገሪያቸው።» እንዲህ ሲሉ ተንኮል አልነበራቸውም። ያለውን ነገር አንድ ባንድ ዘረዘሩት እንጂ። ሰብለ ግን ያን ጊዜ ጠላቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በሏት፤ የገዛ ሕመማቸውን ችለው ማስታገሻውን ለፈረስ የሰጡ ሰው ናቸው። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና የኦቦ ሰንበታን ቁጥር አወጣች። «አንቺን ማን ያስምልሻል?» ያሉበት ፊታቸው መጣባት። ነገ ያ ፊት ምን እንደሚመስል አሰበች። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ አነሳችው፤ አስቀመጠችው።

ሳትጠብቀው ጮኸ። ዱጋሳ ነበር።

«ሰብሌ፣ ደረስሽ?» አለ። ከኋላው ከብት ይጮኻል፣ የሴት ለቅሶ የሚመስል ነገርም ይሰማል። «መኪናው ሞልቶ ነበር፣ ቆመሽ ሄድሽ። መንገድ ላይ ምን ሆነች ብዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።»

ሰብለ ሁሉንም ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮው ጠፍቷል፤ አጎቷ ትንፋሻቸውን ውጠው እያዳመጡ እንደሆነ ታውቃለች።

«ደርሻለሁ» አለች።

«ተመስገን። በይ ደህና እደሪ። ስለዚያ ነገር ደግሞ አትቸኩዪ፣ ሲመችሽ ነው።»

«እሺ ዱጋሳ። ደህና እደር።»

ስልኩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ማስረሻ እግር እያነከሰ ወደ ጓዳ ሲሄድ፣ ሰሐን ሲንቀሳቀስ፣ የምጣድ ክዳን ሲነሳ ሰማች። እኚህ ሰው ካሳደጓት ጀምሮ አንድ ቀን ምግብ አቅርበው አያውቁም፤ ያ የሷ ሥራ ነው። አሁን በሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ልጄ» አሉ። «ራት ቀርቧል።»

ተነስታ ሄዳ በላች።